ፈረንሳይኛ፣ የአምቦ መንገድ እና የተማሪ ቪዛ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ አምቦ ውሃችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በእኛ ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።

«ትምህርትህን ስትጨርስ ከሀገራችን ትወጣለህ ብዬ አላመንኩም።» የተማሪ ቪዛ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው ይህችን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ይዟታል። አጻጻፏ ከአንዱ ኤምባሲ ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል እንጂ ነገሯ አንድ ናት። ሰውየው አንተን አያውቅህም፣ አምቦንም አያውቃትም፣ ግን ከአራት ዓመት በኋላ የት እንደምትገኝ ገምቶ ፈርዷል። የእኔ ጥያቄ የታሪክ ነው። ከዚህ ከምዕራብ ሸዋ መንገድ ተነስተው ለትምህርት ባሕር የተሻገሩት ሰዎች ተመለሱ ወይስ አልተመለሱም? በተለይ ፈረንሳይኛ ይዘው የሄዱት።

«ፈረንሳይኛ ደግሞ ከአምቦ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አገናኝቶታል።

ዛሬ «ውጭ መማር» ሲባል ትዝ የሚለን እንግሊዝኛ ነው። ግን ከጣልያን ወረራ በፊት በዚህ ሀገር የተማረ ሰው ማለት በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ኩባንያው የፈረንሳይ፣ ወደቡ የፈረንሳይ፣ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ። ከዓለም ጋር የሚያገናኘን በር አንድ ሲሆን የበረኛውን ቋንቋ መማር ግድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት ፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበረው። አዲስ አበባ ያለው አሊያንስ ፍራንሴዝም የተመሠረተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በሐረር በልጅነታቸው ከፈረንሳዊው ካፑቺን አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ሰፈር ቋንቋውን ለምደው ያደጉ ናቸው። በ1925 ያስከፈቱት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛን ከእንግሊዝኛ ጎን አስቀምጦ የጀመረ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነበር። ልጁ ይመረጣል። ባቡር ላይ ይወጣል፣ ሦስት ቀን ገደማ ይጓዛል፣ ምክንያቱም ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ መርከብ። አንዳንዱ መጀመሪያ እስክንድርያ ባለው የፈረንሳይ ሊሴ ይገባል፣ ሌላው በቀጥታ ማርሴይ ይወርዳል። ወረቀት አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ነበር። ግን አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ በመንግሥት ገንዘብ ለመማር ሲመጣ «ትመለሳለህ አትመለስም?» ብሎ አንገቱን የሚይዘው የፈረንጅ ሹም አልነበረም። ጥያቄው የነበረው እዚሁ ቤታችን ነው፤ የሚጠይቁትም የላኩት ናቸው።

ይሄ ማለት ግን ፍትሐዊ ነበር ማለት አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። ወንፊቱ እዚሁ ነበር የተተከለው። ማን ይሄዳል? ቤተ መንግሥት የሚታወቅ ሰው ልጅ። የባላባት ልጅ። አባቱ ከሚሲዮን ወይም ከፈረንጅ ጋር የሠራ ልጅ። እውነት ለመናገር ከድሃ ቤት የወጡም ነበሩ። አክሊሉ ሀብተወልድ የካህን ልጅ ናቸው፤ እስክንድርያ ሊሴ ተምረው፣ ፓሪስ ሕግ አጥንተው፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ። ነገር ግን አክሊሉም ቢሆኑ አዲስ አበባ ነው ያደጉት። የጅባትና ሜጫ ገበሬ ልጅ፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ያ በር ለእሱ መኖሩንም አልሰማም። የዚያን ጊዜ «የማጽደቅ መጠን» ቢሰላ ለእኛ አካባቢ ስንት ይሆን ነበር? ዜሮ አካባቢ ነው። ግን «ተከለከልን» ብሎ የሚያማርርም አይገኝም፣ ያመለከተ የለማ! የዛሬም ቁጥር ላይ ይሄንን ልብ በሉት፦ መቶኛ የሚሰላው ካመለከቱት ነው። በሩ ድረስ ያልደረሰው የትም አይቆጠርም።

ከዚህ መንገድ ግን አንዲት ሴት ልጅ ወጥታለች።

ስንዱ ገብሩ። በ1916 የተወለዱት በመናገሻ፣ አዲስ ዓለም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትመጡ ከሆለታ ቀጥሎ የምታገኟት፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ጀምረው የተዉአት ያቺው አዲስ ዓለም፣ ዛሬ ኤጄሬ የምንላት። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ በሚሲዮን ተምረው አውሮፓ የኖሩ፣ ለምኒልክ በዲፕሎማትነት የሠሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው። ማለትም ስንዱ የበሩ ቁልፍ ያለበት ቤት ነው የተወለዱት። ይሄን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም «ጎበዝ ከሆንሽ የትም ትደርሻለሽ» የሚለው ወሬ ላይ ሁሌ የሚዘለለው የአባት ስም ነው።

ከእህታቸው ከዩብዳር ጋር ገና ልጅ ሳሉ ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ስንዱ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በሎዛን ሥነ ጽሑፍ አጠኑ። አስቡት እስኪ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ከአዲስ ዓለም የወጣች ልጅ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር በፈረንሳይኛ ስትማር። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው፣ ማኅበሩም እዚያው ሐይቅ ዳር ነው ያለው።

ቢቀሩ ኖሮ ማን ይከለክላቸው ነበር? አልቀሩም። ወረራው ሳይጀመር ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብለው ተመለሱና ማስተማር ያዙ። ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄዱ፤ በቀይ መስቀል ቁስለኛ ረዱ፣ ከጥቁር አንበሶች ጋር ሆኑ። ተማረኩ። አዚናራ በምትባለው የጣልያን የእስረኞች ደሴት ታሰሩ። ነፃነት ሲመለስ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆኑ፣ ተውኔት ጻፉ፣ በ1957 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ። ያረፉት በ2009 ነው።

አሁን የቪዛ መኮንኑን ዐይን ተውሳችሁ የስንዱን ፋይል ክፈቱ። ያላገባች ወጣት ሴት። የጉዞ ታሪክ የላትም። በስሟ ንብረት የለም። የምታጠናው ሥነ ጽሑፍ፤ «ይህ ትምህርት በሀገሯ ለሥራ ምን ይጠቅማታል?»። እህቷ አብራት እዚያው ናት፣ ስለዚህ ቤተሰብ ያላት በምትሄድበት ሀገር ነው። ሀገሯ በጦርነት አፋፍ ላይ። በዛሬው መመዘኛ ይሄ ፋይል አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ውድቅ ነው።

ትንሽ ወደ ሆለታ እንመለስ፤ ያው መንገዳችን ላይ ነው። በ1934 የተቋቋመው የገነት ጦር ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ ስዊድናውያን ነበሩ። ስዊድን ውስጥ ማን አማርኛ ያውቃል? ማስተማሪያው ፈረንሳይኛ ሆነ። ዕጩ መኮንኖቹም ፈረንሳይኛ ከሚያስተምሩት ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተለቀሙ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈረንሳይ፣ ሳን ሲር፣ ሄደው የሠለጠኑ መኮንኖች ነበሩን። አስቡት፣ የሆለታ ሜዳ ላይ ስዊድናዊ ሻለቃ በፈረንሳይኛ «ተኩስ!» ሲል ኢትዮጵያዊው ልጅ በአማርኛ እያሰበ ሲተኩስ።

በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ስትወድቅ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። ነቀምት ላይ ጥቁር አንበሳ የሚባለው ማኅበር ሲቋቋም የጀርባ አጥንቱ እነሱ ነበሩ፤ ውጭ የተማሩትም ተቀላቀሉ። ሰኔ ላይ ቦናያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጥለው አብራሪዎቹንና መኮንኖቹን ገደሉ። በታኅሣሥ 1936 ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ሲሰጡ አብረዋቸው የተያዙ ነበሩ። ከዚያ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መጣ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ሰው እየተፈለገ ተገደለ። የተያዙት ጥቁር አንበሶች ብዙዎቹ ከተገደሉት ውስጥ ናቸው።

ይሄንን ሳስብ ሁሌ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ያ ትውልድ ተመልሷል። አውሮፓን አይቶ፣ ቋንቋውን አውቆ፣ መቅረት ይችል የነበረ ሰው መጥቶ ሞቷል። «አፍሪካዊ ተማሪ አይመለስም» የሚል ሰው የእኛን ዶሴ ከፍቶ አያውቅም።

ከነፃነት በኋላ ቋንቋው ተቀየረ። እንግሊዞች ጣልያንን ለማስወጣት አብረውን ተዋግተው ነበርና የትምህርት ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ፤ ፈረንሳይኛ በ1947 አዲስ አበባ በተከፈተው ሊሴ ገብረማርያምና በጥቂት ቦታዎች ተወስኖ ቀረ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለዛሬው ጉዳይ ደግሞ ዋናው ነገር አለ።

በ1945 ጃንሆይ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የጋበዟቸው መምህራን ከየት መጡ መሰላችሁ? ከካናዳ። ከኬቤክ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊክ ኢየሱሳውያን መነኮሳት። መሪያቸው ሉስየን ማት ይባሉ ነበር። ግብዣው ከነገደቡ ነው፤ የምንኩስና ልብስ እንዳይለብሱ፣ ሃይማኖት እንዳይሰብኩ። ተስማሙ። ኮትና ከረባት አድርገው፣ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ሰዎች፣ በእንግሊዝኛ፣ የኢትዮጵያን ልጆች አስተማሩ። በ1950 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እኒሁ ማት ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው መነሻው እሱ ነው። ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ የወጣ፣ በ1950ዎቹ ኮሌጅ የገባ ሰው በቤተሰባችሁ ካለ፣ የኬቤክ ሰው አስተምሮት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

እና የኬቤክ ሰዎች ወደ እኛ ሲመጡ ማን ምን ጠየቃቸው? «ስትጨርሱ ትወጣላችሁ ወይ?» የሚል አልነበረም። «ምን ታስተምራላችሁ?» ነበር ጥያቄው። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ኖሩ።

ወደ አምቦ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን። ሁላችሁም ስለምታውቋቸው አላረዝመውም። በ1928 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለዱ፣ ገና ተማሪ ሳሉ አምቦ ላይ የሠሩትን ተውኔት ጃንሆይ መጥተው አዩላቸው። በ1960 አካባቢ በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን ሮያል ኮርት፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ፣ ወደ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሄደው ቴአትር አጠኑ። የሞሊየር ቤት ማለት ነው። ተመለሱ። በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለውን መሩ፤ ሞሊየርን አማርኛ አናገሩት፣ ታርቲዩፍን ጭምር። ቦዳ ላይ ከብት የጠበቀ ልጅ ፓሪስ ደርሶ ሞሊየርን ተሸክሞ መጣ ማለት ነው። በኋላ ዘመናቸው ኒውዮርክ የሄዱት ለኩላሊት ሕክምና ነበር፤ እዚያው በ2006 አረፉ፣ አስከሬናቸውም ወደ ሀገር ተመለሰ።

ሌላ ሰው ልጨምር፤ የእኛ መንገድ መጨረሻ ላይ ከወለጋ፣ ከአርጆ። ኃይሌ ፊዳ። ፓሪስ ተማሪ ነበሩ። በፖለቲካቸው የምትስማሙም የማትስማሙም ትኖራላችሁ፤ መኢሶንን ዛሬ አልከራከርበትም። ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ፓሪስ ተቀምጠው በላቲን ፊደል የኦሮምኛ ሰዋስው ጻፉ። በ1991 ቁቤ በይፋ ሲወሰን እንደዚያ ያሉ ሥራዎች ከኋላው ነበሩ። ዛሬ አምቦ ላይ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የሚጽፍበት ፊደል የአንድ ክፍሉ ታሪክ ፓሪስ በነበረ የተማሪ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸውም ተመለሱ፣ በ1975። በ1979 ደርግ ገደላቸው። አክሊሉን ደግሞ ቀድሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከስልሳዎቹ ጋር ረሽኗቸዋል።

የተመለሱትን እያጠፋን ነው የመጣነው። ፋሺስቱ አጠፋ፣ ከዚያ ራሳችን አጠፋን። አለመመለስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ መውጫ ቪዛ የሚባል ነገር ነበር፤ የገዛ ሀገርህን ለቀህ ለመውጣት የገዛ መንግሥትህ ፈቃድ። ዋስ ይጠራል። ዋስ የሆነው ሰው ልጁ ካልተመለሰ ጣጣው ይደርስበታል። ከእኛ አካባቢ ኩባና ሶቪየት የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ በዚያ ወረፋ ውስጥ ፈረንሳይኛ ቦታ አልነበረውም። ስደቱ ሲበዛ በር የሚዘጋው ወደ ፈረንጆቹ እጅ ገባ። እኛ «እንዳይወጡ» ብለን የያዝነውን ጥያቄ እነሱ «እንዳይገቡ» አድርገው ወረሱት።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ካናዳን ለምሳሌ ልውሰድ፣ ምክንያቱም ፈረንሳይኛ የሚናገሩ አፍሪካውያን ተማሪዎች ጉዳይ በፓርላማ ደረጃ የተነሳው እዚያ ነው። በ2022 የካናዳ ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ኮሚቴ ስለ ውጭ ተማሪዎች አቀባበል ልዩነት ሪፖርት አወጣ። ፈረንሳይኛ ከሚነገርባቸው የአፍሪካ ሀገሮች የሚመጡ አመልካቾች ከሌሎች በበለጠ እንደሚከለከሉ የቀረበለትን መርምሮ ነው። ነገሩ አስቂኝ ጎን አለው። ኬቤክ ተማሪ ለመቀበል የራሷን የይሁንታ ወረቀት ትሰጣለች። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎሃል፣ ክፍለ ሀገሩ ተቀብሎሃል፣ ከዚያ የፌዴራሉ መኮንን «ትወጣለህ ብዬ አላመንኩም» ይልሃል። ያው መንግሥት ደግሞ ከኬቤክ ውጭ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው እየሳሳ ነው ብሎ ስለሚሰጋ፣ በ2024 ከኬቤክ ውጭ ከሚገቡ አዲስ ቋሚ ነዋሪዎች 6 በመቶ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንዲሆኑ ዒላማ ይዟል። አንዱ እጅ ይጠራል፣ ሌላው ይገፋል።

ሕጉን ራሱ ስታነቡት ይገርማችኋል። አንድ ቦታ ላይ፣ ወደፊት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ማሰብ ለጊዜው ለመግባት አያስከለክልም ይላል። ደንቡ ደግሞ አንቀጽ 216 ላይ ተማሪው ጊዜው ሲያበቃ እንደሚወጣ መኮንኑ ማመን አለበት ይላል። ሁለቱ መሀል ያለው ሜዳ የመኮንኑ ነው፤ እንደፈለገ ይጋልብበታል።

በነሐሴ 2024 ይሄንን የሚያስተካክል የሙከራ ፕሮግራም ጀመሩ። ከ33 ሀገሮች የሚመጡ፣ ከኬቤክ ውጭ ባሉ ትምህርት ቤቶች በፈረንሳይኛ የሚማሩ ተማሪዎች «እመለሳለሁ» ብለው ማሳመን አይጠበቅባቸውም፤ የሚያሳዩት ገንዘብም ይቀንሳል፤ ሲጨርሱ ወደ ቋሚ ነዋሪነት የሚወስድ መንገድም አለ። ለመጀመሪያው ዓመት ኮታው 2,300 ማመልከቻ። እኔ ሳነበው ደስ ነው ያለኝ። የተበደለ እንዳለ አምኖ መጀመር ትልቅ ነገር ነው።

ግን ዝርዝሩ ውስጥ ጅቡቲ አለች፣ ኢትዮጵያ የለችም። የሀገሮቹ ዝርዝር ከፍራንኮፎኒ ማኅበር አባልነት ጋር የተያያዘ ነው፣ እኛ ደግሞ አባል አይደለንም። ሐዲዱ አንድ፣ ዘመዱ አንድ፣ ቋንቋው አንድ። ድሬዳዋ ያደገችው «ተመልሰሽ ትወጫለሽ?» ስትባል ጅቡቲ ያደገችው የአክስቷ ልጅ አትጠየቅም። ፈረንሳይኛው የተለካው በሰውየው አፍ ሳይሆን በፓስፖርቱ ሽፋን ነው።

አንዲት የጉደር ልጅ አውቃለሁ፤ ስሟንም የከለከላትን ሀገርም አልጠራም። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ፈተናውን በጥሩ ነጥብ አልፋ፣ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር። የእምቢታው ደብዳቤ ላይ ሦስት ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ ሁለቱ ስለ ቤተሰብ ትስስርና ስለ ሀብት ናቸው። አባቷ ኦቦ ገበሬ ናቸው፤ ጤፍና ስንዴ ያመርታሉ፣ ሦስት ጥማድ በሬ አላቸው። «መሬት አለኝ አላልሽም?» ብለው ጠየቋት። ብላለች። ነገር ግን በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ ስለዚህ ዋጋ ተምኖ የሚያቀርብበት ወረቀት የለም። ሰባት ትውልድ ከአንድ ኮረብታ ያልተነቃነቀ ቤተሰብ «ከሀገሩ ጋር በቂ ትስስር የለውም» ተባለ። ኦቦ ይሄ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ገንዘቡም አለ። ካናዳ ከጥር 2024 ጀምሮ አንድ ተማሪ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ውጭ ለኑሮ 20,635 የካናዳ ዶላር እንዲያሳይ አዝዛ ነበር፤ ከዚያ በፊት 10,000 ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 8 መቶ ሺህ ብር አካባቢ የነበረው፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆነ። ልጅቷ አልተለወጠችም፣ ፈረንሳይኛዋ አልቀነሰም፣ እጥፍ ሆና ነው መገኘት ያለባት።

ፈረንጆቹን ብቻ ልውቀስ አልልም። አምቦ ላይ የባንክ ስቴትመንት የሚያሰራ ደላላ ማን እንደሆነ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ገንዘብ ለሦስት ወር በስምህ አስቀምጦ ወለድ የሚበላ አለ። ሄዶ ትምህርት ቤቱን በር ያልረገጠ ልጅም እናውቃለን። መኮንኑ ይሄን ሁሉ አይቷል፣ ስለዚህ የሚቀጥለውን በጥርጣሬ ያያል። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው፦ ደላላ የበዛበት ሀገር ልጅ መሆኗ እውነተኛ ወረቀት ላቀረበችው ልጅ ለምን ወንጀል ይሆናል? ግለሰብ አመልክቶ ሀገር ነው የሚፈረደው። ሀገር ተፈርዶበት ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ስለወረደ የሚቀጥለው መኮንን ይበልጥ ይጠራጠራል።

መመለስ አለመመለስ በባንክ ደብተር የሚነበብ ነገር አይደለም። ስንዱን የመለሳቸው ንብረት አልነበረም። ጸጋዬን የመለሳቸው የሚሠሩበት መድረክ መኖሩ ነው። በ2014 አምቦ ላይ ተማሪ ሲገደል ያየ ልጅ ደግሞ አባቱ አሥር ጥማድ በሬ ቢኖራቸውም ለመመለስ ሁለት ጊዜ ያስባል። ይሄን የሚለካ ሳጥን በየትኛውም ፎርም ላይ አላየሁም፤ እኛም ቤት የለም።

አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከአዲስ ዓለም፣ ከሆለታ፣ ከጌዶ የወጡ፣ ተፈሪ መኮንን ወይም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኬቤኮቹ እጅ የተማሩ አባቶችና እናቶች በሕይወት ያሉ ካሉ ላናግራቸው እፈልጋለሁ። ደብዳቤ፣ የፈረንሳይኛ ደብተር፣ የመርከብ ትኬት፣ የድሮ ፓስፖርት፣ ፎቶ ያላችሁም በውስጥ ጻፉልኝ። ፎቶ አንስቼ ዋናውን እመልስላችኋለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ እስከ ባኮ ድረስ መምጣት እችላለሁ። የጉደሯ ልጅ እንደገና አመልክታለች።